አስራ አንድ እንከን ያለው ቤት

ሰኞ፣ ጥር 4

ልጄ «አባዬ፣ ደላላ ሲያወራ ጻፍበት፤ በኋላ እንዲህ አላልኩም ይልሃል» አለችኝ። አዲስ ደብተር ከምገዛ ብዬ የድሮውን የሥራ ደብተሬን አወጣሁ። ግማሹ የሰው በርና መስኮት ልክ ነው። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ በር ሥራልኝ ብሎ የመጣ ስለሌለ፣ የቀረው ግማሽ ለራሴ ቤት ይሁን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቤታችን ሊሸጥ ነው። ባለቤቴ ከደረጃ ወድቃ ዳሌዋ ከተሰበረ ሁለት ወር አልፏል። አጥንቱ ገጥሟል፣ ሐኪሙም ደስ ብሎታል፤ ደረጃ መውጣት ግን ከእንግዲህ አይታሰብም አለ። መኝታ ቤቱና መታጠቢያው ያሉት ፎቅ ላይ ነው። ስለዚህ እሷ ሳሎን ሶፋ ላይ ታድራለች፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ገላዋን እንድትታጠብ እኔና ልጄ በወንበር ተሸክመን እንደ ሙሽራ እናወጣታለን። መጀመሪያ ሰሞን ትስቅ ነበር። አሁን ዓይኗን ጨፍና ነው የምትወጣው።

ከልጄ ቤት አጠገብ አንዲት ፋርማሲስት ቤቷን ልትሸጥ ነው። ሁሉም ነገር ምድር ላይ ነው፣ መታጠቢያው ከመኝታው ጎን ነው፣ በሩ ላይ እንኳ አንድ መርገጫ የለም። ባለቤቴ አንዴ ሄዳ አይታው ስትመለስ በመኪና ውስጥ ስለ መጋረጃ ቀለም ስታወራ መጣች። ፋርማሲስቷ እስከ መጋቢት አጋማሽ እጠብቃችኋለሁ ብላለች። እስከዚያ የእኛ ካልተሸጠ የእሷን መግዣ የለንም።

የወደቀችው በነጠላ ጫማዋ ምክንያት ነው። ጫማውን በማግስቱ አውጥቼ ጥዬዋለሁ።

ረቡዕ፣ ጥር 6

የመጀመሪያዋ ደላላ መጣች። አርባን የተሻገረች፣ ቀጠን ያለች፣ ሜትር በቦርሳዋ የያዘች ሴት። ዕድሜዬን ሙሉ ሜትር ይዤ የሰው ቤት ገብቻለሁ፤ ሰው የእኔ ቤት ሜትር ይዞ ሲገባ ግን ይሄ የመጀመሪያዬ ነው። ሳሎኑን ለካች፣ ኩሽናውን ለካች፣ ቧንቧ ከፍታ ጆሮዋን አዘነበለች። ሻይ ብንላት ሥራ ላይ አልጠጣም አለች። ከዚያ ደረጃውን መውጣት ጀመረች። አጋማሹን አለፍ እንዳለች እግሯን ጠለፋትና መደገፊያውን ያዘች። ወርዳ እንደገና ወጣች። እዚያው ቆም አለችና ሜትሯን ልታወጣ ቦርሳዋን ከፈተች።

አስቸኳይ ስልክ እጠብቃለሁ ብዬ ሸኘኋት።

ባለቤቴ ግን ወደደቻት፤ «ወይዘሮ ሜትር» ብላ ስም አወጣችላት። እኔን አልተመቸችኝም። ቤት የሚሸጥ ሰው ቤቱን መውደድ እንጂ መመርመር የለበትም። ደግሞ ሻይ የማይጠጣ ሰው አላምንም።

ዓርብ፣ ጥር 8

ሁለተኛው ደላላ ወጣት ነው። ቤቱን በስልኩ ቀርጾ፣ በሩ ላይ እንደቆመ «ተሽጧል በሉት» አለን። ከእኛ ጋር ካወራው ከስልኩ ጋር ያወራው ይበልጣል። በቅጡ እንኳን ሳይገባ ሸኘነው።

ሦስተኛው ግን ሰው ነው። ሞላ ያለ፣ ረጋ ያለ። ሶፋው ጫፍ ላይ ተደላድሎ ሻይ ጠጣ፣ ደገመ። «ምቹ ቤት ነው» አለ። ወደ ኩሽናው አንገቱን አስግጎ «ምቹ» አለ። ጉልበቱን ስለሚያመው ደረጃው ሥር ቆሞ ወደ ላይ ቀና አለና «የላዩን አምኛለሁ» አለ። በዚህ ዘመን እንዲህ የሚያምን ሰው ከየት ይገኛል?

ባለቤቴ ባለፈው ዓመት ስንት ቤት እንደሸጠ ጠየቀችው። ቤት እንደ ትዳር ነው፣ አይቸኮልበትም ብሎ መለሰላት። እዚያው ተዋዋልን። ልጄ በስልክ በምን መስፈርት መረጥከው ብትለኝ በሰውነቱ አልኳት። ባለቤቴ ከሶፋዋ ላይ ቀና ብላ አየችኝና መልሳ ሹራቧን መሥራት ቀጠለች።

ቅዳሜ፣ ጥር 16

የመጀመሪያዎቹ ገዢዎች መጡ፤ አዲስ የተጋቡ ናቸው። ደላላችን አቶ ምቹ ታች ሻዩን ሲጠጣ ሰዎቹን ይዤ የምወጣው እኔ ነኝ። ይሄ ጥሩ ነው፤ ይህን ቤት ከእኔ በላይ የሚያውቀው የለም። እኔ ደግሞ አታላይ አይደለሁም። የኩሽናው ግድግዳ እርጥበት እንደሚጠባ፣ ጣሪያው በአንዱ ጥግ እንደሚያንጠባጥብ፣ የጎረቤቱ ውሻ ጨረቃ በወጣች ቁጥር እንደሚያብድ አንድ በአንድ ነገርኳቸው። ውሻው ላይ ስደርስ የሙሽሪት ፊት ተለወጠ። እናስብበታለን ብለው ሄዱ።

ይሂዱ። ሠላሳ ስምንት ዓመት አናጢ ሆኜ ስሠራ ለአንድ ሰው እንኳ የነቀዘ ጣውላ ደብቄ ሸጬ አላውቅም። እንቅልፌን ለጥ ብዬ ነው የምተኛው።

እሑድ፣ ጥር 24

ዛሬ የመጣችው አስተማሪ ናት፤ ስድስት ዓመት የሚሆናቸው መንታ ወንዶች ልጆቿን ይዛ። ቤቱን ገና ከበሩ ወደደችው። ባለቤቴ ሶፋ ላይ ተጋድማ ስታያት እንዳትነሺ ብላ አጠገቧ ተቀመጠች፣ ስለ ሹራቡ አወሩ። አቶ ምቹ እንኳ ነቃ አለ።

መንታዎቹ ደረጃውን በሩጫ ወጡት። አንደኛው መሃል ላይ በግንባሩ ተደፋ። ምንም አልሆነም፣ ልጅ ነው፣ ተነስቶ ሳቀ። እኔ ግን በሩጫ ደረስኩበት። ልጁን በእጄ ይዤ አወረድኩትና ለእናትየው ስለ እርጥበቱ፣ ስለ ጣሪያው፣ ስለ ውሻው ነገርኳት። ከሰዓት በኋላ ፎቁ እንደ ምድጃ እንደሚግልም ጨመርኩ። ስምንተኛው እንከን ላይ ስደርስ አመስግናኝ ልጆቿን በሁለት እጇ ይዛ ወጣች።

ልጅ ላላት ሴት ይሄ ቤት አይሆንም። ጠልቻት አይደለም፣ ለእሷው ብዬ ነው።

ሐሙስ፣ ጥር 28

ማንም አልመጣም። አቶ ምቹ ገበያው ቀዝቅዟል ይላል። ፋርማሲስቷ ደወለች፤ ሰው እየጠየቀኝ ነው አለች። ለባለቤቴ አልነገርኳትም። ምን ብዬ?

ማክሰኞ፣ የካቲት 3

አንድ ነጋዴ እናቱን ይዞ መጣ። ሴትዮዋ ሰማንያ ይሆናቸዋል። ገና የመጀመሪያዋ መርገጫ ላይ እግራቸውን ሲያነሱ «እማማ፣ ይቅርብዎት፤ ይሄ ቤት ለእርስዎ አይሆንም» አልኳቸው። ልጅየው ቱግ አለ። ቤት ልትሸጥ ነው ወይስ እናቴን ልትመክር አለኝ። ተያይዘው ወጡ።

አቶ ምቹ ብርጭቆውን አስቀመጠ። «ጋሼ፣ ባለቤቱ ያቀለለውን አሞሌ ባለዕዳ አይቀበለውም» አለኝ። አንድ ወር ሙሉ ሻዬን ጠጥቶ ሲያበቃ ተረት ይተርትብኛል! ተነጋገርን፣ ትንሽም ተባባልን፣ ውሉ ፈረሰ። ሲወጣ ጉልበቱን ይዞ እያነከሰ ስለነበር አሳዘነኝ። ጥፋቱ የእሱ ብቻ አልነበረም፣ ገበያውም ነው።

ባለቤቴ ሹራቧን አስቀምጣ ስልኳን ጎኗ አደረገች። ይሄ ደስ አላለኝም።

ቅዳሜ፣ የካቲት 7

«ሳላማክርህ ወይዘሮ ሜትር ጋ ደውያለሁ፤ ሰኞ ትመጣለች» አለችኝ። ሻይ እያፈላሁ ነበር፤ ገነፈለብኝ።

ሰኞ፣ የካቲት 9

መጣች። ሜትሯን ከቦርሳዋ አላወጣችም። በምትኩ ያወጣችው አንድ ነጭ ወረቀት ነው። የአሠራሯ ደንብ ይህ ነው አለች፤ ባለቤቱ የቤቱን እንከን በሙሉ በገዛ እጁ ይጽፋል፣ ወረቀቱ ሳይሞላ ገዢ አይመጣም። ገዢው በኋላ የሚደርስበትን እሷ አስቀድማ ማወቅ አለባት። ከዚያ የትኛው እንደሚጠገን፣ የትኛው በዋጋ እንደሚታይ እሷ ትመክራለች። ለገዢ የምትነግረውም እሷ ናት፣ እኔ አይደለሁም።

እሰይ! በዚህ የሚበልጠኝ ማን አለ? ቁጭ ብዬ አስራ አንድ እንከን ደረደርኩላት። ዝናብ ሲዘንብ የሚያብጠውን የግቢ በር፣ ሌሊት የሚያቃስተውን ቧንቧ፣ የማይገጥመውን የመታጠቢያ ቤት መስኮት፣ ምንም አላስቀረሁም። በጥንቃቄ አነበበችው።

«ሌላስ?» አለች።

ሌላ የለም አልኳት። እሷ ደረጃውን አየች፣ እኔ ሰዓቴን አየሁ። ሲያስታውሱ ይደውሉልኝ ብላ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ትታልኝ ሄደች።

አስራ አንድ አይበቃም? ቤት ነው ወይስ ፍርስራሽ?

ዓርብ፣ የካቲት 13

ገዢ የለም። እንዲህ ዓይነት ሰነፍ ደላላ አይቼ አላውቅም። አቶ ምቹ ቢያንስ ሰው ያመጣ ነበር።

ሐሙስ፣ የካቲት 19

የኩሽናውን በር ማጠፊያ ዘይት እየቀባሁ ነበር። ልጄና እናቷ ሳሎን ያወራሉ። ልጄ፣ አባዬ ቤቱን መልቀቅ ስለማይፈልግ ነው እንዲህ የሚያደርገው አለች። ባለቤቴ «ቤቱን አይደለም» አለች። ከዚያ ውጭ መኪና ጮኸና የቀረውን ሳልሰማ ቀረሁ። ቤቱን ካልሆነ ታዲያ ምንን?

እንቅልፍ እምቢ ስላለኝ ልጻፍ። ፎቁን የሠራሁት ልጄ በምትወለድበት ሰሞን ነው። ባለቤቴ ያን የሚያህል ሆድ ይዛ በመሰላል ትወጣ ነበር፣ እኔም ሥር ሆኜ እንቀጠቀጥ ነበር። ስለዚህ ደረጃውን በአራት ቀን ሠራሁት። የታችኞቹን ስምንት መርገጫዎች ከታችኛው ወለል ተነስቼ ለካሁ፣ የላይኞቹን ከላይኛው ወለል ወደ ታች። የእያንዳንዱን ቁመት ያሰላሁት ግን የላይኛው ወለል ጣውላ ከመልበሱ በፊት መሆኑን ዘንግቼ ነበር። ከላይና ከታች የመጡት ዘጠነኛዋ ላይ ተገናኙ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል። ግን ሠላሳ አንድ ዓመት ቆሟል፣ አንድ ሚስማር አልወለቀም። ጥሩ ደረጃ ነው።

ቅዳሜ፣ የካቲት 21

የመታጠቢያ ቀን። ባለቤቴን ይዘን ስንወጣ ልጄ ወሬዋን ሳታቋርጥ፣ ሳታይ፣ ዘጠነኛዋ ላይ እግሯን ከፍ አድርጋ ረገጠች። እኔም እንደዚያው። እዚህ ቤት የኖረ እግር ያውቃታል፤ የሚጠለፈው እንግዳ ነው። ወይም እጁ ሞልቶ ሐሳቡ ሌላ ቦታ የሄደ ሰው።

ያን ቀን ባለቤቴ የተተኮሰ ልብስ እስከ አገጯ ድረስ ታቅፋ ነበር። ነጠላ ጫማም አድርጋ ነበር።

ስናወርዳት «በገዛ እግሬ ሄጄ ፊቴን ብታጠብ ሌላ ምንም አልፈልግም» አለች። የተናገረችው ለልጄ ነው፣ ለእኔ አይደለም።

ማክሰኞ፣ የካቲት 24፣ ማታ

ፋርማሲስቷ እንደገና ደወለች። ዛሬ ስልኩን ያነሳችው ባለቤቴ ናት። ሌላ ገዢ ስለመጣ ከመጋቢት አምስት በላይ አልጠብቅም አለቻት፤ ለባልሽ አስቀድሜ ነግሬው ነበር አለቻት። ባለቤቴ ስልኩን ዘግታ ወይዘሮ ሜትር ጋ ደወለች፣ ገዢ የታለ ብላ። «ባለቤትዎ ወረቀቱን አልጨረሱም» ተባለች።

ወረቀቱን አምጣው አለችኝ። አመጣሁት። መነጽሯን አድርጋ አስራ አንዱንም አነበበች፣ ከዚያ እስክሪብቶ ዘረጋችልኝ።

«አስራ ሁለተኛውን ጻፍ።»

ምኑን አልኳት። መነጽሯን አወለቀች። እኔም እጄ ላይ ያለውን እስክሪብቶ አየሁና ነገርኳት። ዘጠነኛዋ ከሌሎቹ በአንድ ጣት እንደምትበልጥ፣ ይህንንም ከሠራኋት ቀን ጀምሮ እንደማውቅ፣ ነገ አስተካክላለሁ ስል ልጅ እንደተወለደ፣ ከዚያ ሥራ፣ ከዚያ ዕድሜ። ሌላ ሰው እንዲወድቅባት አልፈለግኩም፤ የእኔ ጥፋት መሆኑ እንዲታወቅም አልፈለግኩም። ገዢ በመጣ ቁጥር ሁለቱም ፍርሃት አንድ ላይ ይይዘኛል። የጣላት ነጠላ ጫማው እንዳልነበረም ነገርኳት። ለቀባሪው አረዱት ማለት ይሄ ነው።

«ነጠላ ጫማ ነው ያልኩት እኮ እኔ ነኝ» አለች። «ሐኪም ቤት ፊትህን አይቼ አሳዘንከኝ። አንተ ደግሞ ቶሎ ብለህ አመንክ።»

አምኜ አልነበረም። ተመቸኝ እንጂ። በማግስቱ ያን ምስኪን ጫማ አውጥቼ ስጥለው እንደ እብድ ነበር ያደረገኝ፤ የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ።

ይቅርታ ጠየቅኳት። ብትጮህብኝ ይሻል ነበር፤ አልጮኸችም። ሹራቧን አጥፋ ጎኗ አስቀመጠችና በቀስታ ተናገረች።

«ደረጃው የጣለኝ አንድ ቀን ነው። አንተ ግን አራት ወር ሙሉ እዚህ ሶፋ ላይ አስተኛኸኝ።»

አለቀስኩ። ሽማግሌ ሲያለቅስ አያምርም። መሀረቧን ሰጠችኝና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ረቡዕ፣ የካቲት 25

አስራ ሁለተኛውን ጻፍኩ። ለወይዘሮ ሜትር ደውዬ አነበብኩላት። በስንት ትበልጣለች አለች። በአንድ ጣት አልኳት። «አስራ አምስት ሚሊ ሜትር» አለች። ሜትር ሳታወጣ ዓይኗ ለክቶ ኖሯል። ታዲያ ያኔ ለምን አልነገሩኝም ብላት፣ ብነግርዎ ደላላ ቤቴን አጣጣለችብኝ ይሉ ነበር አለችኝ። እውነቷን ነው፣ እል ነበር።

ነገ ከነገ ወዲያ ሰው ይዤ እመጣለሁ አለች። ባለቤቴ አላናገረችኝም። ሻይዋን ግን ጠጣች።

ዓርብ፣ የካቲት 27

ይዛ የመጣችው የመንታዎቹን እናት ነው! አድራሻዋን ከባለቤቴ ወስዳ ነው ያገኘቻት፤ ለካ ያን ቀን ስለ ሹራብ ሲያወሩ ስልክ ተለዋውጠዋል። አፌን ያዝ አድርጌ ቆምኩ። ወይዘሮ ሜትር አስራ ሁለቱንም አነበበችላት፣ አስራ ሁለተኛው ላይ ስትደርስ ወደ እኔ ዞረች። እሱን እኔው ተናገርኩ። ልጅሽን የጣለው እሱ ነው አልኳት።

አስተማሪዋ ሳቀች። ያን ቀን የሸሸችው እርጥበቱንና ውሻውን ፈርታ አልነበረም። ይህን ሁሉ እንከን በአንድ ትንፋሽ የሚያወራ ሰው የደበቀው ምን ያህል ቢሆን ነው ብላ ነው። ደረጃውን አስተካክሉልኝ፣ ቤቱን እወስዳለሁ አለች። ፋርማሲስቷ እስከ ርክክቡ ቀን ለመጠበቅ ተስማማች።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 1

የታችኞቹ ስምንት መርገጫዎች ተነቅለዋል። ወገቤ የለም። የምተኛው ሳሎን ወለል ላይ ነው።

ሐሙስ፣ መጋቢት 3

ዘጠነኛዋን ብቻ ዝቅ ላድርግ ቢሉ አይሆንም፤ ያኔ አስረኛዋ ትረዝማለች። መላው አንድ ነው፤ የተረፈውን ቁመት ለሁሉም ማከፋፈል። ስለዚህ ከየመርገጫው ሥር ስስ ጣውላ አጎርሳለሁ፤ የመጀመሪያዋ ሥር እንደ ወረቀት የሳሳ፣ ወደ ላይ በሄደ ቁጥር እየወፈረ። ማንም አናጢ የማያማኝን ሥራ በሠላሳ አንድ ዓመቱ እየጨረስኩ ነው።

ባለቤቴ ክራንቿን ግድግዳው ላይ አስደግፋ ደረጃው ሥር ወንበር ላይ ተቀምጣለች። የሜትሩን ጫፍ ትይዝልኛለች፣ ቁጥሩንም ታነብልኛለች። ከቁጥር ሌላ ግን አታናግረኝም። «አስራ ሰባት ከስምንት። አስራ ሰባት ከስምንት።» ከምንም ይሻላል።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 5

ወይዘሮ ሜትር መጥታ አስራ አራቱንም ለካች። ውሃ ልክ አስቀመጠች። ዓይኗን ጨፍና ወጣች፣ ዓይኗን ጨፍና ወረደች። ከዚያ ቦርሳዋን ዘግታ ሶፋው ላይ ተቀመጠችና «አሁን ሻይ ብታቀርቡልኝ እጠጣለሁ» አለች። ሁለት ስኳር ነው የምትጠጣው።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 12

የመጨረሻዋ ገጽ ከዚህ ቤት። ዕቃው ተጭኗል፣ ልጄ መኪናው ጋ ናት። ባለቤቴ በሩ አጠገብ ወንበር ላይ ሆና ትጠብቀናለች። ዛሬ ቅዳሜ ነው፤ ገላዋን የምትታጠበው አዲሱ ቤት ሄዳ ነው፣ በገዛ እግሯ። ጠዋት ይህን ስነግራት «እናያለን» አለችኝ። ከቁጥር ሌላ መናገር ከጀመረች ሦስት ቀኗ ነው፤ አጭር አጭር ነው ግን።

ላይ የቀረ ነገር እንዳለ ልይ ብዬ ወጣሁ። ሳምንቱን ሙሉ እያየሁ፣ እየቆጠርኩ ነበር የምወጣው። ዛሬ ሐሳቤ ዕቃው ላይ ነበር። ዘጠነኛዋ ላይ እግሬ ሠላሳ አንድ ዓመት እንደለመደው ከፍ ብሎ ተነሳ፣ በጠበቀው ቦታ የሚረግጠው አጣ፣ ተደፋሁ። ጉልበቴ ተላጠ። ባዶ ቤት ስለሆነ ድምፁ እስከ መንገድ ሳይሰማ አልቀረም።

ከታች ወንበሯ ሲጥ አለ።

«ወደቅክ?» አለች።

ደህና ነኝ አልኳት።

«ነጠላ ጫማ አድርገህ ነው?»

ከዚያ ስትስቅ ሰማኋት። ስትስቅ ከሰማኋት ብዙ ጊዜዬ ነው። ዘጠነኛዋ ላይ ቁጭ ብዬ እስክትጨርስ ጠበቅኳት።

«አዎ፣ እሱ ነው» አልኳት። ያደረግኩት የሥራ ጫማዬን ነበር፣ ክሩንም ጥብቅ አድርጌ አስሬዋለሁ።